ከባለ 36 ፊልም 38 ፎቶ ይወጣል ወይ?

የአንባቢያን የካሜራ ጥያቄዎች፣ ከቡራዩ

ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሳገላብጥ አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ተገናኙብኝ፤ ፊልም ማብቃቃት። ምክንያቱ ይገባኛል። ብዙዎቻችሁ ፊልም የምታገኙት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። የሚቀጥለው ጥቅል መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። ስለ ፍላሽ የጠየቃችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሰንዳፋ ነው። አባቴ የተዉልኝ ዜኒት ካሜራ አለኝ። አክስቴ ከውጭ ስትመጣ ባለ 36 ፊልም አመጣችልኝ። ጓደኛዬ ከአንድ ጥቅል 38፣ አንዳንዴም 39 ፎቶ እንደሚያወጣ ይነግረኛል። እኔ ከ36 አልፌ አላውቅም፤ እንዲያውም ባለፈው 34 ብቻ ነው የወጣልኝ። እሱ ምን እያደረገ ነው? እኔስ እችላለሁ?»

ጓደኛህ እውነቱን ነው ልጄ። አንተም ታወጣለህ። ግን መጀመሪያ ትርፉ የት እንዳለ ልንገርህ። እሱን ካላወቅክ ያለቦታው ስትፈልገው ፊልምህን ታበላሻለህ።

በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ አንድ ፎቶ ቁመቱ 24፣ ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር ነው። በፎቶና በፎቶ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይቀራል። ማሳለፊያውን በሳብክ ቁጥር ካሜራው 8 ቀዳዳ፣ ማለትም 38 ሚሊ ሜትር ፊልም ይጎትታል። ይህን በ36 ብታባዛው 1 ሜትር ከ37 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ፊልሙ ተጠቅልሎ የሚመጣበት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ግን 1 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። ልዩነቱ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ፋብሪካው ይህን ትርፍ የተወው ለሁለት ሥራ ነው። ፊት ያለው ካሜራው ውስጥ ለመጫኛ፣ ኋላ ያለው ደግሞ ፊልሙን ከቆርቆሮው ዘንግ ጋር ለማያያዣ።

አንተ የምትፈልገው የፊቱን ነው። የኋላውን ለጊዜው ተወው፤ እመለስበታለሁ።

የካሜራውን ጀርባ ከፍተህ ፊልም ስትጭን ብርሃን የሚያየው ከቆርቆሮው አፍ የተነሳው ፊልም እስከሚጠቀለልበት ተቀባይ ዘንግ ድረስ የተዘረጋው ነው። እሱ ተቃጥሏል። ክዳኑን ዘግተህ አንድ ጊዜ ስታሳልፍ ፎቶ በሚነሳበት መስኮት ላይ የሚመጣው አብዛኛው ክፍል ከቆርቆሮው ውስጥ የወጣ ንጹህ ፊልም ነው። ነገር ግን በቆርቆሮው አፍና በመስኮቱ መካከል የነበረችው ጠባብ ቁራጭ ብርሃን አይታለች። እዚያ ላይ ብታነሳ ፎቶው አንድ ጎኑ ተቃጥሎ ይወጣል። ሁለተኛ ጊዜ ስታሳልፍ ግን ሙሉው ንጹህ ነው።

አየህ፣ የሚያስፈልግህ ሁለት ማሳለፍ ነው። ብዙ ሰው ግን ቆጣሪው 1 ላይ እስኪደርስ ሦስቴ ያሳልፋል፣ አንዳንዱም «ለማንኛውም» ብሎ አራተኛ ይጨምራል። ከዚያ በፊት ደግሞ ጀርባው ክፍት እያለ ፊልሙ በደንብ እንዲይዝለት አንድ ሁለት ዙር ይጠቀልላል። ያ ሁሉ ፎቶ የሚነሳበት ፊልም ነው። ያንተ 34 የሆነውም በዚህ ይመስለኛል። ፊልሙ አላነሰህም፤ ስትጭን በላኸው።

እንግዲህ እንዲህ አድርግ። የፊልሙን ምላስ፣ ማለትም ከቆርቆሮው ወጣ ያለውን ጫፉን፣ ተቀባዩ ዘንግ ላይ እስኪደርስ ብቻ ጎትት፤ ከዚያ አታስረዝም። ጫፉን ስንጥቁ ውስጥ አስገባ። የጥርሱ መንኮራኩር የፊልሙን ቀዳዳዎች መያዙን በዓይንህ እይ። ትንሽ አዙረህ መያዙን እንዳረጋገጥክ ወዲያው ክዳኑን ዝጋ። አሁን ፊልሙን ወደ ቆርቆሮው የሚጠቀልለውን መመለሻ በፍላጻው አቅጣጫ ቀስ አድርገህ አዙር፣ ጠበቅ ሲል አቁም። የላላው ፊልም ተወጠረ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ማሳለፊያውን ስትስብ መመለሻው አብሮ መዞር አለበት። ከዞረ ፊልሙ እየሄደ ነው። ካልዞረ ፊልሙ አልያዘም፤ ከፍተህ እንደገና ጫን። ይህችን ነገር በየፎቶው ተመልከታት። አጭር አድርጎ የሚጭን ሰው ትልቁ አደጋው ፊልሙ ከዘንጉ ማምለጡ ነው። ያኔ የምታጣው አንድ ፎቶ ብቻ አይደለም። ሙሉው ጥቅል ባዶ ይወጣል።

ልምምዱን በተበላሸ ፊልም አድርገው። ፎቶ ቤት ሄደህ ጊዜው ያለፈበት ወይም የተቃጠለ ጥቅል ካላቸው ለምናቸው፤ ካላቸው አይነፍጉህም። ጀርባውን ክፍት አድርገህ፣ በጠራራ ብርሃን፣ ጣትህ እስኪለምደው ድረስ ጫንና አውጣ።

ዜኒት ለዚህ ሥራ የተመቸ ካሜራ ነው። አብዛኞቹ የድሮ ዜኒቶች ቆጣሪያቸው በራሱ ወደ ዜሮ አይመለስም፤ በጣትህ ታዞረዋለህ። ካሜራውም ምንም አይከለክልህም፤ ፊልም ይኑረው አይኑረው ያነሳል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ካሳለፍክ በኋላ ቆጣሪውን ዜሮ ላይ አድርገውና ማንሳት ጀምር። ሌላ ካሜራ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። አንዳንድ አውቶማቲክ ካሜራዎች፣ ለምሳሌ አንዳንድ የኒኮን ሞዴሎች፣ ቆጣሪው 1 እስኪደርስ ድረስ የብርሃን መለኪያቸውን አይሰሙም። ሻተሩ በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ብቻ ነው የሚሠራው። በዜሮ ላይ ማንሳት ከፈለጋችሁ ካሜራው ከፈቀደላችሁ ፍጥነቱን በእጃችሁ አስተካክሉ።

እስካሁን ያልኩት በቀን ብርሃን ለሚጭን ነው። በዚህ ብቻ 37 ታገኛለህ። ጓደኛህ 38 የሚያወጣው በጨለማ እየጫነ መሆን አለበት። በጨለማ ስትጭን ከሱቅ ሲመጣ ወጥቶ የነበረው ምላስ ብቻ ነው የተቃጠለው። ያቺ የመጀመሪያዋ ጎኗ የሚቃጠል ፎቶም ንጹህ ትሆናለች ማለት ነው። ጨለማ ስል እውነተኛ ጨለማ ነው። መጋረጃ የተዘጋበት ክፍል አይበቃም። ጋቢ ደርበህ ከሥሩ ብትገባም አይሆንም፤ ጋቢ ብርሃን ያሳልፋል። መብራት የጠፋበት ሌሊት፣ ጨረቃ በሌለበት፣ መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ውስጥ ከሆነ ጥሩ ነው። አምስት ደቂቃ ተቀመጥ። ዓይንህ ከለመደ በኋላ እጅህን ወይም የበሩን ሥር ካየህ ክፍሉ አልጨለመም። ስልክህንም ውጭ ተወው፤ ድንገት ቢበራ ድካምህን ከንቱ ያደርገዋል።

እጅጌ ያለው የፎቶ ጥቁር ከረጢት ካለህ ከዚህ ሁሉ ትገላገላለህ። ከከረጢቱ ውጭ በቀን ብርሃን ቁጭ ብለህ እጅህን ብቻ አስገብተህ ትሠራለህ።

አሁን ወደ ኋላው ልመለስ። 36 ደርሰህ ማሳለፊያው ያለ ምንም ችግር ከሄደልህ 37 አንሳ። ይከሰታል። ነገር ግን ስትስብ ከያዘህ እዚያው አቁም። መሀል መንገድ ላይ ቢቆምብህም አትግፋ። ፊልሙ ከቆርቆሮው ዘንግ ጋር የተያያዘው በፕላስተር ነው፤ ብትታገለው ከፕላስተሩ ይነቀላል ወይም ቀዳዳዎቹ ይቀደዳሉ። ከተነቀለ ወደ ቆርቆሮው መመለስ አትችልም።

ሌላም አለ፤ ይህን ያየሁት ከአጣቢው ወገን ሆኜ ነው። እዚሁ ቡራዩ ፎቶ ቤት በነበረኝ ጊዜ ጥቁርና ነጭ የማጥበው በእጄ ነበር። በጨለማ ቆርቆሮውን ከፍተህ ፊልሙን ስትዘረጋ መጨረሻው ላይ ዘንጉ ይደርስብሃል። መቀሱ የሚያርፈው እዚያ ነው። ደንበኛው ፊልሙን እስከ ጥጉ ስቦ 38ኛዋን እዚያ ላይ አንስቷት ከሆነ መቀሱ መሀሏን ያልፋል። እኔ ጫፉን በጣቴ እየዳሰስኩ ፕላስተሩን ፈልጌ ቀስ ብዬ እልጠው ነበር። ቀስ ማለቱ ምክንያት አለው። ፕላስተር በኃይል ሲላጥ ጭል የሚል ብርሃን ያወጣል፤ ጨለማ ውስጥ ይታያል። ፊልሙ ደግሞ ያን ብርሃን ይመዘግባል። ነገር ግን ሁሉም አጣቢ ይህን አያደርግም። ማሽን ደግሞ ጭራሽ አያደርግም። የቀለም ፊልም የሚያጥበው ማሽን ፊልሙን እስኪያልቅ ይጎትተውና በራሱ ይቆርጠዋል። የመጨረሻዋ ፎቶ ማሽኑ በሚቆርጥበት ቦታ ላይ ካለች አለቀላት።

ለመጀመሪያዋም ቢሆን ንገራቸው። ፎቶ ቤቱ ፊልሙን ማሽን ውስጥ ሲያስገባ ምላሱን ቆርጦ ከመሪ ካርድ ጋር ያጣብቀዋል። አንተ እስከ ጫፉ ድረስ ተጠቅመህ ከሆነ ያ መቁረጫ ዜሮ ቁጥር ፎቶህን ሊነካት ይችላል። ፊልሙን ስትሰጥ «ከጫፍ እስከ ጫፍ አንስቻለሁ፤ ፊቱን አጭር አድርጋችሁ ቁረጡልኝ» በል። ወረቀት ላይ ጽፈህ ቆርቆሮው ላይ ብትለጥፈው ይበልጥ ጥሩ ነው፤ የምትሰጠው ሰውና የሚያጥበው ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉና።

እስካሁን የነገርኩህ ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመጣል። ትርፏ ፎቶ ያንተ አይደለችም፤ እስክትታጠብ ድረስ እጅህ አትገባም። ስለዚህ እናትህን በዜሮ ቁጥር ላይ አታንሳት። የእህትህን ምርቃት በ37 ላይ አታንሳው። ዜሮ ላይ ብትጠፋ የማታዝንባትን ነገር አድርግ። እኔ የምመክረው ወረቀት ላይ የጥቅሉን ቁጥር፣ ቀኑንና ቦታውን በጉልህ ጽፈህ እሱን እንድታነሳ ነው። ከታጠበ በኋላ የትኛው ነጋቲቭ የትኛው እንደሆነ ያቺ ፎቶ ትነግርሃለች። ከዓመታት በኋላ ውለታዋን ታውቃለህ። ወረቀቷ ብትቃጠልም የከፋ ነገር የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ፊልም ማብቃቃት የለመደ ሰው ጥቅሉን ለመጨረስ ሲል ትልቁን ነገር ያመልጠዋል። ጥምቀት ላይ ነህ እንበል። ቆጣሪህ 35 ላይ ነው። ታቦቱ ከድንኳኑ ወጥቶ እየመጣ ነው። ሕዝቡ እልል ይላል፣ ካህናቱ ጃንጥላውን ዘርግተዋል። አንተ ደግሞ «አንድ ሁለት ፎቶ ይቀረኛል» ብለህ ቆመሃል። ታቦቱ ፊትህ ሲደርስ ፊልሙ ያልቃል። መልሰህ ጠቅልለህ፣ አውጥተህ፣ ሌላ ጭነህ፣ ሁለት አሳልፈህ ቀና ስትል የሚታይህ የምእመናን ጀርባ ነው። እኔ ሠርግም ስሠራ ሙሽራዋ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ቆጣሪው 30 ካለፈ እቀይር ነበር። ስድስት ፎቶ ከሰርኩ እንዳትለኝ። የእናትና የልጅ ስንብት ሁለተኛ ጊዜ አይነሳም። ሲበቃ ቀይር። ትርፍ ፍለጋውን ጸጥ ባለ ቀን፣ ሰንዳፋ ሜዳ ላይ ገብስ ስታነሳ አድርገው።

«ሰላም እትዬ። ከኮዬ ፈጬ ነው የምጽፍልሽ። ከአንድ ፊልም 72 ፎቶ የሚያወጣ ካሜራ አለ የሚባለው እውነት ነው? እውነት ከሆነ ሁላችንም ለምን እሱን አንገዛም?»

እውነት ነው የኔ ልጅ። ግማሽ ፍሬም ይባላል። ከአንዱ ፎቶ ቦታ ላይ ሁለት ያነሳል፤ እያንዳንዱ 18 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ኦሊምፐስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ፔን የሚለውን ካሜራ ይዞ ሲመጣ ነው ይህ ነገር በሰፊው የታወቀው። ዮሺሂሳ ማይታኒ የሚባል መሐንዲስ ነው የነደፈው። በኋላ ላይ እየተረሳ ሄደ። አሁን ደግሞ ተመልሷል። ፔንታክስ በ2024 ፔንታክስ 17 የሚባል አዲስ ግማሽ ፍሬም ካሜራ አውጥቷል። በኮዳክ ስም የሚሸጥ ቀለል ያለ የፕላስቲክ ካሜራም አለ፤ ኤክታር ኤች35 ይሉታል።

ታዲያ ለምን ሁላችንም አንገዛም? የፎቶው ስፋት በግማሽ ያንሳል። ትልቅ አድርገሽ ስታሳትሚው የፊልሙ ቅንጣት ቶሎ ይታያል፣ ዝርዝሩም ይሳሳል። ለአልበም፣ ለስልክ፣ ለትንሽ ህትመት ምንም አይልሽም። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል የቤተሰብ ፎቶ ግን እኔ አልመርጠውም። ካሜራውን ቀጥ አድርገሽ ስትይዥው ፎቶው ቁም ይሆናል፤ አግድም ከፈለግሽ ካሜራውን ማቆም አለብሽ። ይህን በቀላሉ ትለምጅዋለሽ።

የሚረሳ ነገር አለ። ፎቶ ቤቱ የሚያስከፍልሽ በፎቶ ብዛት ከሆነ 72ቱን ማሳተም ፊልሙ ላይ ያተረፍሽውን ይበላዋል። አስቀድመሽ ጠይቂ። «ግማሽ ፍሬም ነው» ብለሽም ንገሪያቸው። ካልነገርሻቸው ማሽኑ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥሮ ጎን ለጎን ሊያወጣልሽ ይችላል። አንዳንድ ሰው ይህን ወዶ ሆን ብሎ ሁለት የሚነጋገሩ ፎቶዎችን ጎን ለጎን ያነሳል፤ ለምሳሌ የአንድን ሰው ፊትና እጁን። ደስ የሚል ሥራ ነው። ጊዜ ካለሽ ሞክሪው።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ልጄ። ሰበታ ነው ያለሁት። ጡረተኛ ነኝ። ካሜራዬ 35 ላይ ሲደርስ ያዘኝ። ትንሽ ገፋ ሳደርገው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዚያ ማሳለፊያው ያለ ምንም መያዝ መሄድ ጀመረ። መመለሻውንም ሳዞር ባዶውን ይዞራል። የልጅ ልጆቼ ፎቶ እዚያ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?»

አባቴ፣ መጀመሪያ ካሜራውን አይክፈቱት። ፎቶዎቹ ደህና ናቸው። የሆነው ፊልሙ ከቆርቆሮው ዘንግ ተነቅሎ ሙሉ በሙሉ ተቀባዩ ዘንግ ላይ መጠቅለሉ ነው። ለዚህ ነው መመለሻው ባዶውን የሚዞረው፤ የሚይዘው ነገር የለም። አሁን ጀርባውን ቢከፍቱት ፊልሙ ራቁቱን ነው ያለው።

በጣም የሚሻለው ካሜራውን እንዳለ፣ እንደተዘጋ፣ ጥቁር ከረጢት ወይም ጨለማ ክፍል ወዳለው ፎቶ ቤት መውሰድ ነው። «ፊልሙ ተነቅሏል፣ በጨለማ አውጡልኝ» ይበሏቸው። በዚያ ውስጥ አውጥተው ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ያስቀምጡታል ወይም በቀጥታ ያጥቡታል።

ራስዎ ማውጣት ካለብዎት ከላይ ለሰንዳፋው ልጅ የነገርኩትን ጨለማ ይጠቀሙ። ፊልሙን ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ይያዙ፤ መሀሉን በጣት አይንኩት። ልቅ አድርገው ጠቅልለው ፊልሙ የመጣበት ጥቁር ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያስገቡት። ክዳኑን በፕላስተር ዙሪያውን ያሽጉት። ላዩ ላይ «ፊልም፣ ያለ ቆርቆሮ፣ በብርሃን አይከፈት» ብለው በትልቁ ይጻፉበት። ይህ ጽሑፍ ግድ ነው። የሚቀበልዎት ወጣት ዕቃውን ሲያይ ውስጡ ቆርቆሮ ያለ መስሎት እዚያው ባንኮኒው ላይ ሊከፍተው ይችላል።

ለወደፊቱ ካሜራው 35 ላይ ከያዘዎት 35 ይብቃዎት። አንዳንድ ጊዜ ስንጭን የበላነው ከኋላ ይጎድላል። የልጅ ልጆችዎን እግዚአብሔር ያሳድግልዎት።

«እትዬ፣ ከገላን ነኝ። የኔ የፉጂ አውቶማቲክ ካሜራ ፊልም ስጨምርበት መጀመሪያ ዝዝዝ ብሎ ሁሉንም ይስባል፣ ከዚያ ቁጥሩ ከ36 ወደ ታች ይቆጥራል። ከእሱ ትርፍ ማውጣት ይቻላል?»

አይቻልም፤ አትልፋበት። ያንተ ካሜራ መጀመሪያ ፊልሙን በሙሉ ከቆርቆሮው ያወጣና እያንዳንዱን ፎቶ ባነሳህ ቁጥር ወደ ቆርቆሮው ይመልሰዋል። በቆርቆሮው ላይ ደግሞ ጥቁርና ብርማ አራት ማዕዘኖች አሉ። ዲኤክስ ኮድ ይባላሉ፤ ኮዳክ በ1983 ያመጣው ነገር ነው። አውቶማቲክ ካሜራዎች የፊልሙን የብርሃን ፍጥነት፣ አንዳንዶቹም የፎቶ ብዛቱን ከዚያ ያነባሉ። ዜሮ ሲደርስ ያበቃል።

ግን ሌሎቻችን የሌለን ጥቅም አለህ። ድንገት ጀርባው ቢከፈት የሚቃጠለው ገና ያልተነሳው ነው። ያነሳሃቸው ቆርቆሮው ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል። ለልጆች እጅ የሚሰጥ ካሜራ ከሆነ ይህ ከሁለት ትርፍ ፎቶ ይበልጣል።

«ሰላም። ለገጣፎ የምንኖር ጓደኛሞች ነን። 30 ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም በአንድ ትልቅ ጥቅል አግኝተን ባዶ ቆርቆሮ ላይ ራሳችን እየሞላን ነው። በአንድ ቆርቆሮ 45 ፎቶ ብንሞላ ችግር አለው?»

አለው። ሁለት ችግር አለው።

የመጀመሪያው ማጠቢያው ነው። በእጅ የሚታጠብበት ታንክ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መሽከርከሪያ የተሠራው ለባለ 36 ፊልም ርዝመት ነው። አንድ ሁለት ፎቶ ይችላል። 45 ብትሉት ጭራው ውጭ ይቀራል፤ ወይ በጨለማ ትቆርጡታላችሁ፣ ወይ ፊልም ከፊልም ይጣበቅና መድኃኒቱ ሳይደርስበት ይቀራል። ቆርቆሮውም ሲጠብ ካሜራው ፊልሙን ለመጎተት ይከብደዋል።

ሁለተኛው ከፋብሪካው ፊልም ጋር ያለው ልዩነት ነው። በፋብሪካ ፊልም ላይ ኋላው ንጹህ ነው፤ ግን እጃችሁ አይደርስበትም። እናንተ በመሙያው ሳጥን ስትሞሉ ግን ጫፉን ከዘንጉ ጋር በፕላስተር የምታጣብቁት በብርሃን ነው። ስለዚህ የኋላው ጫፍ ተቃጥሏል። የመጨረሻዋ ፎቶ፣ አንዳንዴም ከመጨረሻ ሁለተኛዋ፣ ጥቁር ሆና ነው ነጋቲቭ ላይ የምትወጣው። ይህን የማያውቅ ሰው ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል። ማስቀረት ከፈለጋችሁ ማጣበቁንም በጨለማ አድርጉት።

ከ30 ሜትሩ ባለ 36 ብትሞሉ 18 ቆርቆሮ ያህል ይወጣችኋል። እኔ ብሆን አጭር አጭር እሞላ ነበር። ባለ 20፣ ባለ 24። ቀኑን ሙሉ ለገጣፎ ዞራችሁ ማታ እዚያው ታጥቡና ታያላችሁ። ገና ለሚማር ሰው ፊልሙን ለማየት 36 እስኪሞላ ሳምንት ከመጠበቅ ይህ ይሻላል። ደግሞ እያንዳንዱ ቆርቆሮ ምላስና ጭራ ስለሚበላ ብዙ ማሳጠርም ብክነት ነው፤ ከ20 አትውረዱ።

«እትዬ ጤና ይስጥልኝ። ግማሽ ድረስ ያነሳሁት፣ የብርሃን ፍጥነቱ 100 የሆነ ፊልም ካሜራዬ ውስጥ አለ። ማታ ለሚደረግ ማኅበር ለደብዛዛ ብርሃን የሚሻለውን ባለ 400 መጫን ፈለግኩ። የጀመርኩትን ከማቃጠል ሌላ መንገድ የለም? ከአሸዋ ሜዳ።»

አለ። አንድም ፎቶ ሳታቃጥዪ ታወጪዋለሽ። መጀመሪያ ቆጣሪው ስንት ላይ እንዳለ ጻፊ። ከዚያ መልሰሽ ጠቅልዪ፣ ግን በቀስታና ጆሮሽን አስጠግተሽ። መጨረሻ ላይ ምላሱ ከተቀባዩ ዘንግ ሲላቀቅ መመለሻው ድንገት ይቀልልሻል፤ ትንሽ ድምፅም ይሰማል። እዚያ ላይ አቁሚ። ክፈቺው፤ ምላሱ ውጭ ቀርቷል። ቁጥሩን ምላሱ ላይ በማርከር ጻፊበት።

ሌላ ቀን መልሰሽ ስትጭኚው የሌንሱን ክዳን ግጠሚ። ሻተሩን በጣም ፈጣኑ ላይ፣ የሌንሱን ቀዳዳ በጣም ጠባቡ ላይ አድርጊ። ክፍሉንም አጨልሚው። አሁን የማንሻውን ቁልፍ እየተጫንሽ አሳልፊ፤ ከጻፍሽው ቁጥር አልፈሽ ሁለት ጨምሪ። 17 ላይ አቁመሽ ከሆነ ማንሳት የምትጀምሪው 20 ላይ ነው። ሁለቱን የምንሰዋው ሁለተኛው አጫጫን ከመጀመሪያው ጋር በልክ ስለማይገጥም ነው። እነዚያን ሁለት ለማትረፍ አትሞክሪ፤ ካልገጠመ ፎቶ በፎቶ ላይ ይደረብብሻል።

«ከጣፎ ነኝ እትዬ። በመጨረሻ 38 ፎቶ አወጣሁ! ግን ነጋቲቭ ማስቀመጫዬ በእያንዳንዱ መስመር 6 ነው የሚይዘው፣ 6 መስመር። ሁለቱን የት ላድርጋቸው?»

እንኳን ደስ አለህ። ሁለቱን ለብቻ አትቁረጣቸው። አንድ ወይም ሁለት ፎቶ ብቻ ያለበት ቁራጭ ይጠቀለላል፣ ከማስቀመጫው ይንሸራተታል፣ ስካነሩም አጥብቆ አይዘውም። ባለ 7 መስመር ማስቀመጫ ፈልግ። ከዚያ 5 ጊዜ ስድስት ስድስት ቁረጥ፣ የቀሩትን 8 ደግሞ አራት አራት አድርገህ ለሁለት ክፈላቸው። ባለ 7 መስመሩን እስክታገኝ ድረስ 7ኛውን ቁራጭ ከዚያው ጥቅል ጀርባ፣ በሌላ ማስቀመጫ ውስጥ አድርገው፤ የጥቅሉን ቁጥር ሁለቱም ላይ ጻፍ።